የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ፦ ትምህርቱ፣ ሥራውና ወጪው

ከአማርኛ ክበብ የተዘጋጀ የጥናት ጽሑፍ

ባለፈው ዓመት በሁለተኛው ተርም አንድ የክፍል ጓደኛችን ሦስት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቀረ። ሲመለስ የት እንደነበረ ብንጠይቀው «ናይሮቢ፣ ዘመድ ጥየቃ» አለን። ነገሩ ግን ሌላ ነበር። ታላቅ ወንድሙ እንቅልፍ አጥቶ፣ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ እየሰማ፣ «ጎረቤት ሊመርዘኝ ነው» እያለ ምግብ እምቢ ብሎ ነበር። ከትምህርት ቤት ስንወጣ መንገድ ላይ ብቻውን ሲያወራ አይተነዋል። አንዳንዶቻችንም ስቀንበታል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በመጀመሪያ ለዚያ ሳቅ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ሁለተኛው ምክንያታችን ያ ቤተሰብ ሳያውቅ የገባበትን መንገድ ሌላው ቤተሰብ አውቆ እንዲገባበት ነው። ቤተሰቡ ስም ሳንጠራ እንድንጽፍ ፈቅዶልናል።

ቤተሰቡ በመጀመሪያ ጸሎት አስደረገ። አልሻል ሲለው ዘመድና ጎረቤት ሐራምቤ አዋጥቶ ልጁ ናይሮቢ ወደሚገኝ አንድ የግል የአእምሮ ሐኪም ተወሰደ። መድኃኒት ታዘዘለት፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንቅልፉ ተመለሰ፣ መብላት ጀመረ። በሁለተኛው ወር ገንዘቡ አለቀ። ልጁም የዳነ ስለመሰለ መድኃኒቱ ቆመ። ብዙ ሳይቆይ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። እናቱ የነገሩን አንድ ነገር ከልባችን አልጠፋም፦ «እኛ የተዘጋጀነው ለአንድ ጉዞ ነበር፤ ለአንድ ዓመት አልተዘጋጀንም።»

ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን ይዘን ተነሣን። የአእምሮ ሐኪም ማን ነው? ምን ይሠራል? እርሱ ዘንድ መሄድ በእውነት ስንት ያስወጣል?

1. ሐኪሙ ማን ነው?

የአእምሮ ሐኪም ወይም ሳይካትሪስት በመጀመሪያ እንደ ማንኛውም ሐኪም የሕክምና ትምህርት ጨርሶ የተመረቀ ሰው ነው። በኬንያ የሕክምና ዲግሪ 6 ዓመት ያህል ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በሆስፒታል የ1 ዓመት የተግባር ልምምድ አለ። ቀጥሎ በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ወይም በሌላ ዩኒቨርሲቲ በአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዝ ለማድረግ ቢያንስ 3 ዓመት ይማራል። ስንደምረው 10 ዓመት ይሆናል። ዛሬ 8ኛ ክፍል ያለ ተማሪ ይህን ሙያ ቢመኝ የሚደርስበት ወደ ሰላሳ ዓመት ሲጠጋ ነው ማለት ነው።

ሳይኮሎጂስት ግን ሌላ ሙያ ነው። ሳይኮሎጂስት በንግግርና በምክር ያክማል፤ የሕክምና ዶክተር ስላልሆነ መድኃኒት አያዝም። ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተባብረው ይሠራሉ። ከእነርሱ ሌላ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች አሉ። ከትልልቅ ከተሞች ርቀን ለምንኖር ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚቀርቡን እነዚህ ናቸው።

እኛ በሁለት አገሮች መካከል የምንኖር ስለሆንን የሁለቱንም ታሪክ ተመልክተናል። በናይሮቢ የሚገኘው የማታሪ ሆስፒታል የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1910 በቅኝ ግዛት ዘመን ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ደግሞ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተጀመረ ሲሆን ለብዙ አሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ከሞያሌም ከመቀሌም የመጣ ሕመምተኛ ወደ አንድ በር ይሄድ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ከሄዱትም ያልተመለሱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2003 በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአገር ውስጥ የ3 ዓመት ሥልጠና ጀመረ። በካናዳ የሚገኘው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም መምህራኑን በየጊዜው እየላከ አብሮ አስተማረ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አድጓል። ቢሆንም በኬንያም በኢትዮጵያም አብዛኞቹ ስፔሻሊስቶች የሚሠሩት በትልልቅ ከተሞች ነው። የወጪው ጉዳይ መነሻውም ይህ ነው።

2. ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው የሚፈራው ይህን ነው። «አስረው ያስቀሩታል» ወይም «መርፌ ወግተው ያደነዝዙታል» ሲባል ሰምተናል። የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው የጥያቄና የመልስ ቀን ነው። ሐኪሙ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ እንቅልፍና ምግብ እንዴት እንደሆነ፣ በቤተሰብ ተመሳሳይ ሕመም እንዳለ፣ ጫት፣ አልኮል ወይም ሌላ ነገር ይጠቀም እንደሆነ ይጠይቃል። ለሕመምተኛው ብቻውን፣ ለቤተሰቡም ለየብቻ ጊዜ ይሰጣል። ስለዚህ ሕመምተኛውን በደንብ የሚያውቅ ሰው አብሮ መሄዱ ይጠቅማል።

ጫትን በተመለከተ በእኛ ከተማ ዝም ማለት አይገባም። ጫት እንቅልፍ ይነሣል፤ አብዝቶ መቃም ድምፅ የመስማትና ሰውን የመጠራጠር ምልክቶችን ሊያባብስ ይችላል። ለሐኪሙ እውነቱን መናገር ለፖሊስ ከመናገር የተለየ ነው፤ ሐኪም የሕመምተኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

አንዳንዴ የደም ምርመራ ይታዘዛል። ለምሳሌ የእንቅርት ዕጢ በሚገባ አለመሥራቱ ድብርት የሚመስል ሕመም ያመጣል። የሚጥል በሽታም ከአእምሮ ሕመም ጋር ሊምታታ ይችላል። ሐኪሙ ይህን ለይቶ ነው መድኃኒት የሚያዘው።

ስለ መድኃኒቶቹ ሁለት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። የመጀመሪያው መድኃኒቱ በአንድ ቀን አይሠራም። የድብርት መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ሁለተኛው፣ መሻል መዳን ማለት አይደለም። ሰውዬው ከተሻለው በኋላም መድኃኒቱ ለብዙ ወራት ሊቀጥል ይገባል፤ የሚቆመውም በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። የጓደኛችን ቤተሰብ ያልተነገረው ወይም ሲነገረው ያልሰማው ነገር ይህ ነበር።

3. ወጪው ስንት ነው?

«ሐኪሙ ስንት ያስከፍላል?» ብሎ መጠየቅ ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። ከሞያሌ ናይሮቢ በመንገድ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባም የዚያኑ ያህል ይርቃል። እኛ በሁለቱ ዋና ከተሞች መካከል ላይ ነን።

ስሌቱን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሠርተነዋል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለመለማመጃ የወሰድናቸው እንጂ የማንም ሐኪም የዋጋ ዝርዝር አይደሉም። እያንዳንዱ ቤተሰብ እውነተኛውን ዋጋ ጠይቆ በቦታቸው ይተካ።

የሐኪሙ ክፍያ 4,000 ሽልንግ ነው እንበል። ለሕመምተኛውና ለአንድ አስታማሚ የአውቶቡስ ደርሶ መልስ 10,000፣ ለሁለት ሌሊት ማደሪያና ምግብ 3,000፣ የወር መድኃኒት 1,500 ይሁን። ድምሩ 18,500 ሽልንግ ነው። የሐኪሙ ክፍያ ከጠቅላላው ከሩብ በታች ነው። ትልቁን ገንዘብ የሚወስደው መንገዱ ነው።

አሁን ዓመቱን እንመልከት። ሕመምተኛው በዓመት 5 ጊዜ ናይሮቢ ቢሄድ፦

5 × 17,000 = 85,000
የመድኃኒት 12 × 1,500 = 18,000
ድምር = 103,000 ሽልንግ

ናይሮቢ የሚሄደው 2 ጊዜ ብቻ ቢሆንና ሌላውን ክትትል ቅርብ ባለ ሆስፒታል ቢያደርግ፦

2 × 17,000 = 34,000
የመድኃኒት 12 × 1,500 = 18,000
ድምር = 52,000 ሽልንግ

በቅርብ ሆስፒታል የሚከፈለው ትንሽ ክፍያ ቢጨመርበትም ወጪው ወደ ግማሽ ይወርዳል። በዚህ ስሌት ያላስገባነው አለ፦ አስታማሚው ሥራ የፈታበት ቀን፣ የተዘጋ ሱቅ፣ የተሸጠ ፍየል፣ ከትምህርት የቀረ ልጅ። ጓደኛችን የቀረበትን ሦስት ሳምንት በሽልንግ ማስላት አልቻልንም።

4. ከሞያሌ ሳንወጣ ምን ማድረግ ይቻላል?

የጠየቅናቸው የጤና ባለሙያዎችና ወላጆች የሰጡንን ምክር እንዲህ አጠቃለናል።

አንደኛ፣ ከሩቅ በፊት ቅርቡን መጠየቅ። የመንግሥት ሆስፒታል ሄዶ በአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ወይም ክሊኒካል ኦፊሰር መኖሩን መጠየቅ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ጠቅላላ የጤና ሠራተኞች የተለመዱ የአእምሮ ሕመሞችን እንዲያክሙ የሚያሠለጥን ፕሮግራም ጀምሯል፤ ኬንያም ኢትዮጵያም ይጠቀሙበታል።

ሁለተኛ፣ ናይሮቢ ወይም አዲስ አበባ መሄድ ግድ ከሆነ ከሐኪሙ ሦስት ነገር ሳይዙ አለመመለስ፦ የሕመሙን ስምና ሕክምናውን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የመድኃኒቱ ጀነሪክ ስም፣ በስልክ የመገናኛ መንገድ። ጀነሪክ ስሙ ከታወቀ ርካሹን መጠየቅ ይቻላል። መድኃኒቱ ቅርብ ባለ ፋርማሲ መኖሩንም አስቀድሞ ማጣራት ነው።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱን ማረጋገጥ። በኬንያ ሐኪም ሁሉ በሐኪሞችና የጥርስ ሐኪሞች ምክር ቤት ተመዝግቦ ፈቃዱን በየዓመቱ ያድሳል። መጠየቅ ነውር አይደለም።

አራተኛ፣ የጤና መድኅን መመዝገብ። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በኬንያ የቀድሞውን መድኅን የማኅበራዊ ጤና ባለሥልጣን ተክቶታል። ከጉዞ በፊት የትኛው ሆስፒታል፣ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን መጠየቅ ይገባል።

አምስተኛ፣ ሐራምቤውን በሁለት መክፈል። ግማሹ ለጉዞ፣ ግማሹ በየወሩ ለመድኃኒት የሚወጣ ሆኖ በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ስድስተኛ፣ ፀበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ መድኃኒቱ ግን አይቋረጥ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ሰባተኛ፣ አንድ ሰው መሞት እንደሚፈልግ ቢናገር ወይም ራሱን ሊጎዳ ቢቃጣ ብቻውን አለመተው፤ በዚያው ቀን ወደ ቅርቡ ሆስፒታል መውሰድ። እኛ ተማሪዎችም እንዲህ ያለ ነገር ከጓደኛ ከሰማን ምስጢር ብለን መያዝ የለብንም፤ ለመምህር ወይም ለወላጅ ዕለቱን እንናገር።

የጓደኛችን ቤተሰብ ለሁለተኛ ጊዜ ሲነሣ ይህን መንገድ ተከተለ። ሐኪሙ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ ክትትሉን ቅርብ ያለ ነርስ ያዘው፤ የመድኃኒቱን ወጪ ስድስት ቤተሰቦች በየወሩ ተካፈሉት። ልጁ ዛሬም መድኃኒቱን ይወስዳል። ከጠዋት እስከ ቀትር የአጎቱን ሱቅ ይጠብቃል። ባለፈው ወር እስክሪብቶ ልንገዛ ገብተን ሰላም ብለነዋል። እርሱም የእያንዳንዳችንን ስም ጠርቶ ሰላም አለን።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እኛ ግን ያየነው ሰው በሽታውን የሚደብቀው የሚስቅበት ሲኖር ነው። ስለዚህ መሳቁን ማቆም የሕክምናው አንዱ ክፍል ነው፤ ይህ ደግሞ ምንም ገንዘብ አያስወጣም።

መልመጃ

1. በሳይካትሪስትና በሳይኮሎጂስት መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. ሕመምተኛው ሲሻለው መድኃኒቱን በራሱ ማቆም የሌለበት ለምንድን ነው?
3. በክፍል 3 ያለውን ስሌት ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ በእውነተኛ ዋጋ ሥሩት። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁን ድርሻ የያዘው የትኛው ነው?
4. አንድ ጓደኛችሁ ወንድሙ እንደታመመ ቢነግራችሁ መጀመሪያ ምን ትሉታላችሁ? በአንድ አንቀጽ ጻፉ።