ልጥፉ ሲነሣ ቀለሙ አብሮ እንዳይነሣ

የድርጅት ስም፣ የስልክ ቁጥርና የንግድ ምልክት በግራ ቀኙ የተለጠፈበት መኪና ለሽያጭ ሲቀርብ የመጀመሪያው ሥራ ጽሑፉን ማንሣት ነው። ብዙ ባለንብረቶች ይህን እንደ ቀላል ነገር ቆጥረው ለላቫጆ ልጆች ይተዉታል። ልጁም ምላጭና ቤንዚን ይዞ ይነሣል። ጽሑፉ ይለቃል፤ ቀለሙም አብሮት ይለቃል። ከዚያ በኋላ ለባለንብረቱ የሚቀረው ምርጫ ሁለት ብቻ ነው፤ አንድም በሩን አስቀብቶ መሸጥ፣ አንድም የተቦጨቀውን እያሳዩ ዋጋ መቀነስ።

ሁለቱም ያከስራሉ። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውን ካየ በኋላ ቶሎ የሚያነሣው ጥያቄ «ቀለሙ የፋብሪካ ነው ወይ?» የሚል ነው። አንድ በር ለብቻው ሲቀባ መልኩ ከሌላው ጋር በቀላሉ አይገጥምም። ገዢውም ሆነ ደላላው መኪናው ተጋጭቶ ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙትና ኋላ በ2001 ለኖቤል ሽልማት ካበቋቸው ሥራዎች አንዱ በሆነው ጥናታቸው ያገለገለ መኪና ገበያን ምሳሌ አድርገው ያስረዱት ይህንኑ ነው። ሻጭ የመኪናውን ገመና ያውቃል፤ ገዢ ግን አያውቅም። ስለዚህ ገዢው ጥርጣሬውን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። እንበልና 2 ሚሊዮን ብር በተጠየቀበት መኪና ላይ ገዢው በዚሁ ጥርጣሬ 3 በመቶ ቢቆርጥ፣ ሻጩ በአንድ ምላጭ ምክንያት 60,000 ብር አጣ ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ መጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከሉ ይታወሳል። በእጅ ያለውን መኪና በቀላሉ መተካት በማይቻልበት ጊዜ ቀለሙን መጠበቅ ሀብትን መጠበቅ ነው።

ቀለሙና ሙጫው

የፋብሪካ ቀለም አንድ ንብርብር አይደለም። በላሜራው ላይ በቅድሚያ የዝገት መከላከያ፣ ቀጥሎ ፕራይመር፣ ከዚያ መልክ የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም መልክ የሌለው አንጸባራቂ ቫርኒሽ ይደረባል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ውፍረቱ በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ይኸውም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብዙም አይበልጥም። ምላጭ ይህን ለመቁረጥ ጉልበት አያስፈልገውም።

የፋብሪካው ቀለም በምድጃ ስለሚጋገር ላሜራውን አጥብቆ ይይዛል። ጋራዥ ውስጥ በድጋሚ የተቀባው ግን አያያዙ እንደ ቀቢው ነው። አንዳንዱ ከሙጫው ቀድሞ ይለቃል። ስለዚህ መኪናው ከዚህ በፊት ተቀብቶ እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

ልጥፉ ቪኒል የሚባል ፕላስቲክ ነው። ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ይሰባበራል። ሙጫውም በሙቀት ይላላል። የሥራው ቁልፍ እንግዲህ ሙቀት እንጂ ስለት አይደለም።

የሥራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ ቦታው በሳሙና ውሃ ታጥቦ ይደርቃል። አቧራው ካልተነሣ በጨርቅ ሲታሽ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ሁለተኛ፣ ልጥፉ ይሞቃል። የአዲስ አበባ ማለዳ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐይ በረታ ስትል፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ መጀመር ይሻላል። የተለመደው የፀጉር ማድረቂያ በቂ ነው። አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ተደርጎ ሳይቆም ይንቀሳቀሳል። ልኩ እጅ ነው፤ ላሜራውን እጅ ሊነካው ካልቻለ ሙቀቱ በዝቷል። ቀለም ለመላጥ የተሠራው የሙቅ አየር መሣሪያ በማያውቅ እጅ ቀለሙን ያቃጥላል፣ የፕላስቲኩን ፓራውልትም ያቀልጣል።

ሦስተኛ፣ ጠርዙ በጥፍር ወይም ጊዜው ባለፈበት የባንክ ካርድ ይነሣል። ከዚያ ልጥፉ ወደ ውጭ ሳይሆን በራሱ ላይ ታጥፎ፣ ለላሜራው ቀረብ ብሎ ቀስ እያለ ይሳባል። ከተያዘ እንደገና ማሞቅ ነው። ችኮላ እዚህ ላይ ያስከፍላል።

አራተኛ፣ የቀረው ሙጫ ይጸዳል። ንጹሕ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ወይም በአልኮል ነክሮ፣ አስቀድሞ በማይታይ ቦታ ሞክሮ፣ ሙጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ማቆየትና መጥረግ ነው። ይህ ሲሠራ ማሞቂያው ይጠፋል፣ እሳትም ይርቃል። ቲነርና አሴቶን በጋራዥ የተቀባን ቀለም ስለሚያሟሙ ባይነኩ ይመረጣል። ቤንዚን ደግሞ ከቀለሙ ይልቅ ለሠራተኛው ሕይወት ያሰጋል። በመጨረሻ ቦታው በሳሙና ታጥቦ ሰም ይቀባል።

የኋላ መስተዋት ላይ ያለውን ልጥፍ በምላጭ መፋቅም አደጋ አለው። ጭጋግ የሚያጠፉት ቀጫጭን የኤሌክትሪክ መስመሮች አንዴ ከተቆረጡ ሥራቸው ይቋረጣል።

የጽሑፉ ጥላ

ልጥፉ በደንብ ተነሥቶም ፊደሎቹ ሊታዩ ይችላሉ። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ያለ ፀሐይ ብርቱ ነውና ዙሪያው ዓመት በዓመት ሲደበዝዝ ከልጥፉ ሥር ያለው እንደነበረ ይቆያል። ፖሊሽ ልዩነቱን ይቀንሰዋል። ነገር ግን ፖሊሽ ራሱ ቫርኒሹን እየበላ ስለሚሄድ ደጋግሞ ማሸት አያዋጣም። ዋናው ቀለም ደብዝዞ ከሆነ ደግሞ ጥላው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ብዙ ሻጮች በዚህ ተደናግጠው በሩን ያስቀባሉ። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ጥላው ልጥፉ ከተለጠፈ ወዲህ በሩ እንዳልተቀባ ምስክር ነው። ገዢውን ጠርቶ «ይህ የጽሑፍ ጥላ ነው» ብሎ ማሳየት አዲስ ከተቀባ በር የበለጠ ያሳምናል።

ከድርጅቶች በጨረታ የሚገዙ ነጋዴዎችም ዋጋ ከመስጠታቸው በፊት ልጥፉን ቢመረምሩ ይጠቀማሉ። የተሰነጣጠቀ ልጥፍ ሲነሣ እየተቆራረጠ ጊዜ ይፈጃል፤ የሠራተኛ ዋጋውም ከጨረታው ሒሳብ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። የግማሽ ቀን ትዕግሥት፣ የፀጉር ማድረቂያና ጥቂት ነጭ ጋዝ የሚያስወጡት ገንዘብ ከአንድ በር ማስቀቢያ ጋር አይወዳደርም።