ጥንቸልን በአንድ ቦታ ማስለመድ

አማርኛችን እንስሳት የሚጥሉትን ሁሉ በአንድ ስም አይጠራም። የላሟን እበት፣ የአህያውንና የፈረሱን ፋንድያ፣ የዶሮዋን ኩስ፣ የፍየሉንና የበጉን በጠጥ ይለዋል። ገበሬው ስሙን የለየው ጥቅሙን ስለለየ ነው። በእበት ቤት ይለቀለቃል፣ ኩበት ሆኖም ይነዳል። በጠጥ ጓሮ ያለመልማል። ጥንቸል የምትጥለውም እንደ ፍየል ድቡልቡልና ደረቅ ስለሆነ በጠጥ ብንለው ያስኬዳል።

የበጠጥ ቦታው ጓሮ ነው። መኝታ ላይ የተገኘ እንደሆነ ግን ጠብ ያመጣል። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው በቤት ውስጥ የምታድር ጥንቸል በአንድ ቦታ ብቻ እንድትጸዳዳ እንዴት እንደምትለምድ፣ አልሆን ሲልም ምክንያቱ ምን እንደሆነ ነው።

1. ችግሩ ከየት ይመጣል?

እኛ ከዩኒቨርሲቲ ለማስተማር የመጣን ተማሪዎች በሐይቅ ዙሪያና በአምባሰል ተዳፋት ባሉ መንደሮች ስንዘዋወር ጥንቸል ያለባቸው ቤቶች ገጥመውናል። ብዙ አይደሉም። ጥንቸል ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ላይ ከማይበሉት እንስሳት መካከል ተቆጥራለች፤ ሥጋዋም በአካባቢው አልተለመደም። በየቤቱ የምትገኘው ልጆች ስለሚወዷት ነው።

ቀን ቀን ደጅ ትውላለች። ሌሊት ግን ሸለምጥማጥ አለ፣ የዱር ድመት አለ፣ ጅብም አለ። የአምባሰል ብርድም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥጃውና ግልገሉ እንደሚገቡ ሁሉ እሷም ትገባለች። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ምድጃውም፣ የውኃው እንስራም፣ መኝታውም፣ ጥንቸሏም እዚያው ናቸው። ጠዋት የሚሰማው ንግግር ይህን ይመስላል።

«ዛሬስ ይህችን ነገር ከቤቴ አወጣታለሁ!» ትላለች እናት።

«እማዬ፣ ውጪ ካደረች እኮ ሸለምጥማጥ ይበላታል» ይላል ልጅ።

«ታዲያ አጎዛዬ ላይ ስትሸና ዝም ልበላት?»

ሁለቱም እውነት አላቸው። ልጁ ያሳደጋትን እንስሳ ለአውሬ መስጠት ያሳዝነዋል። እናትም የምትጠርገው፣ አጎዛውን የምታጥበው እሷው ናት። ነገሩ የሽታ ብቻም አይደለም። የጥንቸል ሽንት በጉዝጓዝ ውስጥ ሲጠራቀም አሞኒያ የሚባል የሚቆጠቁጥ አየር ይወጣዋል። ይህ አየር ዓይንና ሳንባ ያውካል። ይበልጥ የሚያገኘው መሬት ለመሬት የሚድኸውን ሕፃንና ራሷን ጥንቸሏን ነው።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሰውና እንስሳ ተለያይተው እንዲያድሩ ያስተምራል። ለጥንቸልም ከሁሉ የሚሻለው በግድግዳው ጥግ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በሽቦ ወንፊትና በጣውላ የተሠራ፣ በሩ በደንብ የሚዘጋ ቤት ነው። ያ እስኪሠራ ድረስ ግን ጥንቸሏም መኖር አለባት፣ ቤቱም መጽዳት አለበት።

2. የዱር ጥንቸልና የቤት ጥንቸል አንድ አይደሉም

አማርኛ ሁለቱንም ጥንቸል ብሎ ይጠራቸዋል። ነገር ግን ዘራቸው የተለያየ ነው። በአምባሰል እርሻ ዳር ከሣሩ መካከል ብድግ ብላ የምትፈተለከው የዱሯ ናት። ጉድጓድ አትቆፍርም። ልጆቿ ጠጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ይወለዳሉ። ይህችን ይዞ ቤት ማስገባት ከንቱ ድካም ነው፤ ብዙ ጊዜ በድንጋጤ ትሞታለች።

የቤት ጥንቸል ዘር የመጣው ከአውሮፓ፣ በተለይም ከስፔንና ከፖርቱጋል ምድር ነው። የዚህች ዘመዶች ጉድጓድ ቆፍረው በኅብረት ይኖራሉ። ልጆቻቸውም ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይገለጥ ይወለዳሉ። ለትምህርታችን ዋናው ነገር ይህ ነው፦ በጉድጓድ የሚኖሩ ጥንቸሎች መኝታቸውን ማቆሸሽ አይወዱም። ደጅ ላይ የታወቀ ቦታ ይዘው በጠጣቸውን ይከምራሉ። ክምሩ ለሌሎች ጥንቸሎች «ይህ ሰፈር ባለቤት አለው» የሚል ምልክት ነው።

ድመት የጣለችውን ትቀብራለች፤ ጥንቸል ትከምራለች። እንግዲህ ጥንቸል ቦታ የመለየት ልማድ ከተፈጥሮዋ አላት ማለት ነው። የእኛ ሥራ የመረጠችውን ቦታ አይቶ ሳጥኑን እዚያ ማድረግ ነው። ሰው ሳጥኑን ለራሱ በሚመቸው ቦታ አስቀምጦ «ነይ እዚህ ሽኚ» ቢላት አትሰማም።

3. እንዴት ትለምዳለች?

ሀ. ቦታዋን ማጥበብ። በመጀመሪያው አንድና ሁለት ሳምንት ቤቱን ሁሉ አትልቀቁላት። ከምድጃውና ከእንስራው ርቆ አንድ ጥግ በጣውላ ወይም በድንጋይ ይከለልላት። ሰፊ ቦታ ያገኘች ጥንቸል ሁሉንም ጥግ መጸዳጃ ታደርጋለች።

ለ. መመልከት። በተከለለው ውስጥ ለሁለትና ለሦስት ቀን የት እንደምትሸና እዩ። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማዕዘን ትመርጣለች። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ጭራዋን ቀና ስታደርግ ታውቋታላችሁ።

ሐ. ሳጥኑን እዚያ ማስቀመጥ። ያረጀ የፕላስቲክ ሳፋ ከሁሉ ይሻላል፤ ሽንት አይጠጣም፣ ለማጠብም ይቀላል። ጣውላና የሸክላ ስባሪ ሽንት ስለሚመጡ ሽታው አይለቃቸውም። ሳፋው ተመቻችታ የምትቀመጥበትና የምትዞርበት ይሁን። ጠርዙ ከፍ ካለ በአንድ ወገን ዝቅ ተደርጎ ይቆረጥላት፤ የተቆረጠው እንዳይወጋት ይለስልስ።

መ. ጉዝጓዝ። ከታች ጭድ ወይም ገለባ፣ ከላይ ደረቅ ሣር ይደረጋል። ሽታው ከሚከብድ እንጨት፣ ለምሳሌ ከጥድ የወጣ ሰጋቱራ ለሳንባዋ አይስማማም። አመድም አይሆንም። አመድ ላይ ድመት ትጸዳዳለች እንጂ ለጥንቸል ብናኙ አፍንጫዋ ይገባል፣ እግሯንም ስትልስ ትውጠዋለች።

ሠ. ሽታውን መተው። በሽንት የራሰ ጥቂት ጭድና ጥቂት በጠጥ ወደ ሳፋው ይጨመር። «ቦታዬ ይኸ ነው» የሚላት ሽታው ነው።

ረ. ድርቆሽ ማቅረብ። ጥንቸል እየበላች ትጸዳዳለች፤ ይህ ጠባይዋ ነው። ድርቆሹን ከሳፋው ጠርዝ ላይ ወይም አጠገቡ ብታደርጉላት ለመብላት ስትገባ እዚያው ትጥላለች። ብዙ ሰው ምግቡን በአንድ ጥግ፣ ሳጥኑን በሌላ ጥግ አድርጎ «እምቢ አለች» ይላል።

ሰ. ቀስ በቀስ መልቀቅ። በሳፋው መሽናት ከለመደች በኋላ ክልሉ ትንሽ ትንሽ ይስፋ። ከተበላሸባት ወደ ጠባቡ ቦታ መልሶ መጀመር ነው። አብሽሩ፣ ይህ ሁሉ የጥቂት ሳምንት ነገር ነው።

4. አልሆን ሲል ምክንያቱ ምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ዕድሜ ነው። ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ጥንቸል ለአቅመ መራባት ትደርሳለች። ያን ጊዜ የለመደችውን የረሳች ይመስላል። ወንዱ ሽንቱን ይረጫል፤ ሴቷም ትበትናለች። ይህ ድንበር ማስከበር ነው። ባለሙያ በሚገኝበት ቦታ ሐኪም ቢያኮላሻቸው ጠባዩ በጣም ይቀንሳል። ነገር ግን በግና ፍየል ለሙክት በሚቀጠቀጡበት መንገድ ጥንቸልን መንካት ጭካኔ ነው፣ ይገድላታልም። ሐኪም ከሌለ ወንድና ሴት ተለያይተው ይቀመጡ። ሴት ጥንቸል የምታረግዘው 31 ቀን ያህል ብቻ ነው። በወለደች ዕለት እንደገና ልታረግዝ ስለምትችል አብረው የዋሉ ጥንድ ጥንቸሎች ቤቱን በአጭር ጊዜ ይሞሉታል።

ሁለተኛው፣ ሽንትና በጠጥን አንድ አድርጎ ማየት ነው። አንዲት ጥንቸል በቀን ከ200 እስከ 300 በጠጥ ልትጥል ትችላለች። ሽንቷን በሳፋው ከጨረሰች ትምህርቱን ይዛለች ማለት ነው። እዚህም እዚያም የምትጥላት ደረቅ በጠጥ የድንበር ምልክት ናት፤ በመጥረጊያ ትነሣለች።

ሦስተኛው መኝታ ነው። አጎዛና ጋቢ ለስላሳ ናቸው፣ የሰው ሽታም አለባቸው። ጥንቸል በዚያ ላይ የራሷን ሽታ መጨመር ትወዳለች። ሽንት የነካው አጎዛ ሽታው እስኪለቅ ይታጠብ። እስክትለምድ ድረስም መደብ ላይ እንዳትወጣ ይከልከል።

አራተኛው ንጽሕና ነው። ያደረ ሳፋ ከሞላና ከሸተተ ትታው ሌላ ጥግ ትፈልጋለች። የራሰው ጉዝጓዝ በየቀኑ ይነሣ፤ ትንሽ ደረቅ በጠጥ ለምልክት ይቅር። ሽንቷ ካልሲየም ስለሚበዛበት ሲደርቅ እንደ ኖራ ነጭ ይሠራል። ሎሚ ጨምቆ ማሸትና በውኃ ማጠብ ያስለቅቀዋል። በረኪና ግን ሽንት ባለበት ሳፋ ላይ አይፈሰስ፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚመርዝ አየር ይወጣዋል።

አምስተኛው ሕመም ነው። ለብዙ ጊዜ ለምዳ የቆየች ጥንቸል ድንገት በየቦታው መሽናት ከጀመረች ጥፋተኛ ሳትሆን ታማሚ ትሆናለች። ፊኛዋ ሊታመም፣ ወገቧን ሊያማት ይችላል። ሽንት ሲቀላ ግን ወዲያው አትደንግጡ። ከበላችው ቅጠል የተነሣ ቡናማና ቀይ መሆኑ የተለመደ ነው። ደም ከሆነ በነጠብጣብ ወይም በጓጉላ ለይቶ ይታያል። እህልና ፍርፋሪ የበዛባት ጥንቸል በጠጧ ይለሰልስና ከጠጉሯ ይጣበቃል፤ መድኃኒቱ ድርቆሽ ማብዛት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው መብላትና መጣል ማቆም ነው። ግማሽ ቀን ያህል ምንም ያልበላችና ያልጣለች ጥንቸል ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ትታይ።

አንድ ነገር ደግሞ እንወቅ። ጥንቸል ሁለት ዓይነት በጠጥ አላት። ደረቁን ትጥላለች። ለስላሳውን፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘውን ግን ብዙ ጊዜ ሌሊትና ሲነጋጋ ከራሷ ወስዳ ትበላዋለች። «ይች ምን ዓይነት ጸያፍ ናት!» ማለት አይገባም። ላም ሣሩን አመስኳ እንደገና እንደምታላምጠው፣ ጥንቸልም ምግቧን ሁለት ጊዜ የምትጠቀምበት መንገድ ይህ ነው። ብትከለከል ትጎዳለች።

5. መምታት አያስተምርም

አፍንጫዋን ሽንቷ ላይ ማሸት፣ በመጥረጊያ ማሳደድ፣ በጆሮ አንጠልጥሎ ማውጣት ምንም አይጠቅምም። ጥንቸል ሁሉ የሚያድናት እንስሳ ናት። ስትመታ የሚገባት «አውሬ መጣ» የሚለው ብቻ ነው። የፈራች ጥንቸል በየቦታው ትሸናለች። የኋላ እግሯ ብርቱ፣ አከርካሪዋ ግን ደካማ ስለሆነ እየተያዘች በኃይል ስትራገጥ ወገቧ ሊሰበር ይችላል። ስትያዝ አንድ እጅ ደረቷን፣ አንድ እጅ መቀመጫዋን ይደግፍ። እናት ልጇን ሽንት የምታስለምደው ሰዓቱን አይታ፣ ታግሣ ነው እንጂ ደብድባ አይደለም። ለጥንቸልም ያው ነው። ያለ ቦታዋ ስትሸና ያያት ሰው በእጁ መሬቱን ቸብ አድርጎ፣ በቀስታ ወደ ሳፋው ይምራት። ይበቃል።

6. ከሳፋው የወጣው የት ይሂድ?

የአምባሰል እርሻ ተዳፋት ነው። አፈሩን ጎርፍ ያጥበዋል፣ እበቱም ብዙ ጊዜ ለማገዶ ይውላል። ስለዚህ ጓሮ ሁልጊዜ ፍግ ይጠማዋል። የጥንቸል በጠጥ ከዶሮ ኩስ ይልቅ ለተክል የማያቃጥል ጥሩ ፍግ ነው። ከነጭዱ በጉድጓድ ተከምሮ፣ አፈር ለብሶ ቢብላላ ለጌሾውም፣ ለጎመኑም፣ ለቡናውም ይሆናል። ጥሬ ለሚበላ አትክልት ግን ሳይብላላ አይደረግ።

ወደ ወንዝና ወደ ሐይቁ መጣል ክልክል ነው እንበል። የሐይቅ ውኃ የሚገባበት ወንዝ እንጂ በላዩ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። የገባበት ቆሻሻ እዚያው ይቀራል። ሰውም፣ ከብቱም፣ ዓሣውም የሚኖሩት በዚሁ ውኃ ነው።

ሳፋውን ያነሣ ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ። ጥንቸል ጭርት ወደ ሰው ልታስተላልፍ ስለምትችል ጠጉሯ በክብ የረገፈ እንደሆነ ልጆች አይቀፏት፣ ለባለሙያም ትታይ።

በመጨረሻም የሥራ ክፍፍል ይኑር። ጥንቸሏን የወደዳት ልጅ ሳፋውን ጠዋት ጠዋት ያንሣ። ድርቆሹን ያምጣ። ፍጉን ወደ ጓሮ ይውሰድ። ሥራው ሁሉ በእናት ላይ ከወደቀ ጥንቸሏ ብትለምድም እንኳ ጠቡ አይበርድም። ልጅ የሚወደውን እንስሳ ራሱ ሲያጸዳ ግን እናትም «ተዋት፣ ትደር» ትላለች።

ጥያቄዎች

1. የቤት ጥንቸል ከዱር ጥንቸል በምን ትለያለች?
2. ሳፋውን የት እንደምናስቀምጥ የሚነግረን ማን ነው?
3. ድርቆሽ ከሳፋው አጠገብ የሚደረገው ለምንድን ነው?
4. የለመደች ጥንቸል ድንገት ብትለወጥ በመጀመሪያ ምን እንጠረጥራለን?
5. በቤታችሁ የሚያድሩ እንስሳት የሚጥሉት የት እንደሚደፋ ጻፉ። ከውኃ ምን ያህል እንደሚርቅም በእርምጃ ለኩ።

አዳዲስ ቃላት

አሞኒያ — ከተጠራቀመ ሽንት የሚወጣ፣ ዓይንና አፍንጫ የሚቆጠቁጥ አየር።
ካልሲየም — አጥንትና ጥርስ የሚጠነክርበት፣ በኖራም ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር።
ፊኛ — ሽንት የሚጠራቀምበት የሰውነት ክፍል።