የአሮጌ ጨዋታዎች ፍጥነት በኢሙሌተር ላይ፦ በአምባሰል ቅኝት የሚደረግ ፍተሻ

አሮጌ የኮምፒውተር ጨዋታ በዛሬ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚዛባው ፍጥነቱ ነው። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር በ4.77 ሜጋኸርትዝ ይሠራ ስለነበር፣ አንዳንድ ፕሮግራመሮች ጊዜን የሚለኩት ማሽኑን ባዶ ዑደት በማስቆጠር ነበር፤ ማሽኑ ሲፈጥን ጨዋታውም አብሮ ይከንፋል። በዶስቦክስ ላይ የዑደቱን ቁጥር ወደ 300 ገደማ ማውረድ፣ ወይም ኮንትሮልን ከኤፍ11 ጋር እየተጫኑ መቀነስ፣ ከኤፍ12 ጋር መጨመር ይበቃል። ይህ ብዙም አያከራክርም።

አከራካሪው በቴሌቪዥን ላይ የሚሰኩት ኮንሶሎች ጉዳይ ነው። ለሰሜን አሜሪካ የተሠራው ባለ8 ቢት ኒንቴንዶ ጨዋታውን በሴኮንድ 60 ጊዜ ገደማ ያራምዳል፤ አገራችን በምትከተለው የፓል ሥርዓት የተሠራ ኮንሶል ግን 50 ጊዜ። ለፓል ያልተስተካከለ ካርትሪጅ እዚህ 17 በመቶ ያህል ይዘገያል። ስለዚህ በሐይቅ ወይም በውጫሌ በፓል ኮንሶል ተጫውቶ ያደገ ሰው፣ ኢሙሌተሩ በ60 ሲያስኬድለት «ፈጠነብኝ» ቢል ትዝታው አላታለለውም። የፈጣሪው ፍጥነትና የተጫዋቹ ፍጥነት ሁለት የተለያዩ እውነቶች ናቸው፤ በእኔ እምነት የአገር ውስጥ የጨዋታ ታሪክን የሚያጠና ሰው ሁለተኛውን መጣል የለበትም።

ይሁንና 50 ብሎ መምረጥ ብቻውን አይበቃም። የኒንቴንዶ የራሱ የፓል ማሽን ፕሮሰሰር ከ1.79 ወደ 1.66 ሜጋኸርትዝ ስለሚወርድ ምቱ ብቻ ሳይሆን የድምፁም ከፍታ ይወርዳል። «ዴንዲ» በሚባለው ዓይነት ቅጂ ኮንሶል ግን ፕሮሰሰሩ 1.77 ስለሆነ ምቱ ይዘገያል እንጂ የድምፁ ከፍታ እምብዛም አይነካም። እንደ ሜሰን ያሉ ኢሙሌተሮች ሦስቱንም ለይተው ያስመርጣሉ።

ልዩነቱን በጆሮ ለመለየት አምባሰል ይረዳል። ስሙን ከዚሁ አካባቢ የወሰደው ቅኝት በመጀመሪያውና በሁለተኛው ድምፅ መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት አለው። ዜማ በአጠቃላይ ሲወርድ ርቀቶቹ ስለማይለወጡ አምባሰል አምባሰል ሆኖ ይቀራል፤ «ዜማው ያው ነው» ማለት ለትክክለኛ ፍጥነት ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው። ፈታሹ ጨዋታውን በ60 እያስኬደ፣ ረዘም ብሎ በሚሰማ አንድ ድምፅ ላይ የክራሩን የመጀመሪያ ድምፅ ያስተካክል፤ ሌሎቹንም ክሮች በአምባሰል ይቃኝ። ከዚያ ወደ ኒንቴንዶ ፓል ሲያዞር ድምፁ 1.28 ግማሽ ድምፅ ይወርዳል፦ በሁለተኛው ክር ልክ የነበረ ድምፅ ከመጀመሪያው ክር በታች ይገባል ማለት ነው። ይህን ያልሠለጠነ ጆሮም ይሰማዋል። በዴንዲ ግን ልዩነቱ ከግማሽ ድምፅ አንድ ስድስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ክሩንና ጨዋታውን በአንድነት አሰምቶ የሚፈጠረውን መርገብገብ ማድመጥ ያስፈልጋል።

አንድ እንቅፋት ይቀራል። አብዛኛው የላፕቶፕ ስክሪን በሴኮንድ 60 ጊዜ ስለሚታደስ፣ ኢሙሌተሩ ከስክሪኑ ጋር እንዲራመድ ከታዘዘ የ50ው ጨዋታ 20 በመቶ ይፈጥናል። ሰዓቱን ከድምፁ እንዲወስድ ማድረግ ይሻላል፤ ምስሉ አልፎ አልፎ ቢንቀጠቀጥም ምቱ አይዛባም። ጨዋታው በቪዲዮ ተቀርጾ ለጥናት የሚቀመጥ ከሆነም የተመረጠው የማሽን ዓይነት ከፋይሉ ጋር ይመዝገብ።