ተርቦቻርጀር በናፍጣ ፒክአፕ ላይ የት ቢቀመጥ ይሻላል?

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት 76 ኪሎፓስካል ያህል ሲሆን፣ ይህ በባሕር ጠለል ላይ ካለው 101 ኪሎፓስካል ሦስት አራተኛው ነው። ስለሆነም ተርቦቻርጀር የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚህ የሚስበው አየር፣ በእኩል መጠነ ሙቀት፣ በባሕር ጠለል ላይ ከሚስበው በሩብ ያህል ያንሳል። አየር ሲያንስ በሚገባ ሊቃጠል የሚችለው ናፍጣም ያንሳል፤ ትርፉ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጭነት የያዘ አሮጌ ፒክአፕ ዳገት ሲወጣ ከሚያጨስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ይህን ጉድለት ለማካካስ ቀድሞ ተርቦቻርጀር ባልነበረው ሞተር ላይ መሣሪያውን መግጠም ይቻላል። ይሁንና የመሣሪያው ጥራት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቦታው በትክክል ካልተመረጠ ከሚጨምረው ኃይል ይልቅ በሞተሩ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ሊበልጥ ይችላል። በዚህ ጽሑፍ ቦታውን የሚወስኑትን ሦስት ጉዳዮች፣ ማለትም የጭሱን ሙቀት፣ የዘይቱን ፍሰትና የአየሩን ቅዝቃዜ፣ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ተርቦቻርጀር ምንድን ነው?

ተርቦቻርጀር በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ የተተከሉ ባለክንፍ መንኮራኩሮች አሉት። አንደኛው ተርባይን ሲሆን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያሽከረክረዋል። ሁለተኛው ኮምፕረሰር ይባላል፤ ከውጭ አየር ስቦና ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ሊሽከረከር ይችላል። የስዊዘርላንዱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ ለዚህ ሐሳብ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር።

አንደኛ፦ ለትኩሱ ጭስ መቅረብ

የጭሱ ፍሰትና ከተርባይኑ በፊትና በኋላ ያለው የግፊት ንጽጽር ካልተለወጡ፣ ተርባይኑ ሊያገኝ የሚችለው ኃይል ከሚገባው ጭስ ፍጹማዊ መጠነ ሙቀት ጋር በቀጥታ ተመጣጣኝ ነው። ጭሱ ተርባይኑን ከሞተሩ አጠገብ በ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ማለትም በ873 ኬልቪን፣ አገኘው እንበል። ተርባይኑን ወደ ኋላ ወስደን ማርሚታው ባለበት ስፍራ ብናስቀምጠውና ጭሱ ረጅሙን ቱቦ ሲያቋርጥ ወደ 350 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ 623 ኬልቪን፣ ቢቀዘቅዝስ? 623 ለ873 ሲካፈል 0.71 ስለሚሆን 29 በመቶ የሚሆነው ኃይል በመንገድ ባክኖ ይቀራል። አነስ ያለ ተርባይን በመምረጥ ጉድለቱን ማካካስ ይቻላል፤ ነገር ግን በጭሱ መንገድ ላይ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ፒስተኖቹ ጭሱን ለማስወጣት የበለጠ ሥራ ይሠራሉ።

ስለዚህ ፋብሪካዎች በአብዛኛው ተርቦቻርጀሩን ከሞተሩ ጋር ያያይዙታል። ሲሊንደሮቹ በአንድ ረድፍ በተደረደሩበት ሞተር ቦታው ግልጽ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1989 ሞዴል በዶጅ ራም ፒክአፕ ላይ መገጠም በጀመረው ባለስድስት ሲሊንደር የከሚንስ ሞተር፣ ተርቦቻርጀሩ በጭስ ማኒፎልዱ ላይ ታስሯል። በቪ ቅርጽ በተሠሩ ሞተሮች ግን ጭሱ ብዙውን ጊዜ በግራና በቀኝ ስለሚወጣ ሁለቱን መንገዶች ማገናኘት ያስፈልጋል። ፎርድ ከ2011 ሞዴል ጀምሮ በከባድ ፒክአፖቹ ላይ በገጠመው የ6.7 ሊትር ሞተር ይህን አቀማመጥ ገልብጦታል፤ አየሩ በውጭ በኩል ይገባል፣ ጭሱ ተርቦቻርጀሩ ወደሚገኝበት፣ በሁለቱ ረድፎች መካከል ወዳለው ሸለቆ ይወጣል። የጭሱ መንገድ አጥሯል፤ በአንጻሩ ሙቀቱ በሞተሩ አናት ላይ ይከማቻል፣ ለጥገናም አይመችም።

ሁለተኛ፦ የዘይቱ መመለሻ

ዘንጉን የሚሸከሙትን ኩሽኔታዎች የሚያለሰልሰውና የሚያቀዘቅዘው የሞተሩ ዘይት ነው። ዘይቱ በፓምፕ ግፊት ይገባል፤ ሲወጣ ግን ግፊቱን አጥቶና ከአየር ጋር ተደባልቆ ስለሚያረፋ ወደ ኮፓው የሚመለሰው በስበት ብቻ ነው። ስለዚህ ተርቦቻርጀሩ በኮፓው ካለው ዘይት ከፍ ብሎ መቀመጥ፣ መመለሻ ቱቦውም ሰፊ ሆኖ ያለማቋረጥ ወደ ታች ማዘቅዘቅ አለበት።

መመለሻው ከታነቀ ዘይቱ በዘንጉ መዝጊያዎች አልፎ ወደ ተርባይኑና ወደ ኮምፕረሰሩ ይፈስሳል። በኮምፕረሰሩ በኩል የሚገባው ዘይት ለናፍጣ ሞተር ልዩ አደጋ አለው፤ ሞተሩ ዘይቱን እንደ ነዳጅ እያቃጠለ፣ ሾፌሩ ቁልፉን ቢዘጋም እንኳ፣ ከቁጥጥር ውጭ ሊፈጥን ይችላል። ከጭነት ክፍሉ ሥር የሚገጠም ተርቦቻርጀር ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ዘይቱን የሚመልስ ተጨማሪ ፓምፕ ይፈልጋል፤ የሞተሩም ደኅንነት በዚያ ፓምፕ ጤንነት ላይ ይንጠለጠላል።

ሦስተኛ፦ የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዝ

አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። በአዲስ አበባ በ20 ዲግሪ የተሳበን አየር ከ76 ወደ 152 ኪሎፓስካል ብንጨምቀውና የኮምፕረሰሩ ብቃት 70 በመቶ ቢሆን፣ አየሩ 112 ዲግሪ ያህል ሆኖ ይወጣል። እፍግታውም ከ0.90 ወደ 1.38 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ያድጋል። በኢንተርኩለር አሳልፈን ወደ 50 ዲግሪ ብናወርደው ግን፣ በመንገድ የሚጠፋውን ጥቂት ግፊት ትተን፣ 1.64 ይደርሳል። ስለዚህ ተርቦቻርጀሩ የሚቀመጥበት ጎን ለኢንተርኩለሩ ቱቦዎች የሚያመች መሆን ይኖርበታል። እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ ላይ በዋለው ቶዮታ ሂሉክስ፣ የ3.0 ሊትሩ ሞተር ኢንተርኩለር በሞተሩ አናት ላይ ሆኖ በኮፋኖው መክፈቻ ነፋስ ያገኛል። ቱቦዎቹ ያጥራሉ፤ መኪናው በዝግታ ሲጓዝ ግን የሞተሩ ሙቀት ይደርስበታል። ከራዲያተሩ ፊት የሚገጠም ኢንተርኩለር የተሻለ ነፋስ ሲያገኝ ቱቦዎቹ ይረዝማሉ።

ማጠቃለያ

ከሦስቱ ጉዳዮች መቅደም ያለበት የዘይቱ መመለሻ ነው። የኃይል ብክነትን በሌላ መንገድ ማካካስ ይቻላል፤ ዘይት ያጣን ኩሽኔታ ግን የሚያድን የለም። ይህ ከተሟላ በኋላ ለጭሱ ይበልጥ የሚቀርበው ቦታ ይመረጣል፤ በመጨረሻም አየሩን የሚያቀዘቅዘው መንገድ ይታቀዳል። ለአብዛኛዎቹ ፒክአፖች ሦስቱንም አስታርቆ የሚገኘው ቦታ የጭስ ማኒፎልዱ አጠገብ ነው።

ጥያቄ ለአንባቢያን፦ 152 ኪሎፓስካል ለማግኘት በባሕር ጠለል ላይ አየሩን 1.5 ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ግን 2 ጊዜ መጨመቅ ያስፈልጋል። ግፊቱ 88 ኪሎፓስካል ያህል በሆነባት በድሬዳዋስ ስንት ጊዜ ይሆናል? ዘንጉ ይበልጥ እንዲፈጥን የሚገደደውስ በየትኛው ስፍራ ነው?