መኪና በውርጭ ጧት ለምን እምቢ ትላለች?

ያለፈውን ዓመት የኅዳር ሰኞ ብዙዎቻችን አንረሳውም። ስድስት እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ ወደ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለመሄድ ከጧቱ 12 ሰዓት ላይ የትምህርት መርጃ ሥዕሎቻቸውን ጠቅልለው መኪናዋ ላይ ወጡ። ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አንድ ሁለቴ አቃሰተችና ዝም አለች። ደገመ፣ ሠለሰ፤ በመጨረሻ "ቀጭ" ከማለት በቀር ምንም ድምፅ ጠፋ። ወርደን ገፋናት፤ እንዲያው ላብ ብቻ ሆነ። ከከተማ የሰው ባትሪ በልመና እስኪመጣ ረፋዱ 4 ሰዓት ደረሰ። እዚያ ስንደርስ ልጆቹ ሦስት ክፍለ ጊዜ ያለ አስተማሪ ተቀምጠው ነበር። ከመካከላቸው ውርጭ እየረገጡ አንድ ሰዓት በእግራቸው የመጡ አሉ።

"ብርዱ ነው" ተባለ፤ ሁሉም ተስማማ። እኛ ግን ባትሪው ወርዶ ሲታይ አብረን ስለነበርን ነገሩ እንደዚያ ብቻ እንዳልሆነ አይተናል። ሳይንስ እናስተምራለን ለምንል ሰዎች ደግሞ ጉዳዩ ከመኪናም ያለፈ ስለሆነ ይህን ጽሑፍ አዘጋጀን።

አስቀድመን አንድ ነገር እናስተካክል። ከውጭ አገር የሚመጡ የመኪና መመሪያዎች ስለ ብርድ ሲመክሩ "በክረምት ወራት እንዲህ አድርጉ" ይላሉ። በእኛ አገር ክረምት ማለት ዝናብ ነው፤ ደመናው የምድሩን ሙቀት ሌሊት እንደ ብርድ ልብስ ሸፍኖ ያቆየዋል። መኪና የሚፈትነው ብርድ የሚመጣው በበጋ ነው፤ ይኸውም ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጠርቶ ሲያድርና ምድሩ ሙቀቱን ያለ ከልካይ ወደ ላይ ሲሰድ ነው። ደብረ ብርሃንን፣ ደባርቅን ወይም ጎባን የሚያውቅ ሰው ሣሩ ነጭ ሆኖ የሚያነጋውን ጧት ያውቀዋል። መመሪያውን እንዳለ ብንከተል በሐምሌ ተጠንቅቀን በታኅሣሥ እንተኛ ነበር።

ታዲያ ብርዱ ምን ያደርጋል? ከሁለት ወገን ይመታል፤ ኃይል ሰጪውን ያዳክማል፣ የሚጠየቀውን ሥራ ደግሞ ያከብዳል። ባትሪ ኤሌክትሪክ እንደ እህል የሚቀመጥበት ጎተራ አይደለም። በውስጡ የእርሳስና የእርሳስ ኦክሳይድ ሰሌዳዎች በሰልፈሪክ አሲድ ተነክረው ይገኛሉ፤ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው በመካከላቸው በሚካሄደው ኬሚካዊ ለውጥ ነው። ማንኛውም ኬሚካዊ ለውጥ ሲበርድ ይዘገያል። በ0 ዲግሪ አካባቢ ባትሪው ሞቅ ባለ ቀን ከሚሰጠው ኃይል እስከ አንድ ሦስተኛ የሚደርስ ያጣል።

በሌላው ወገን የሞተር ዘይቱ ሌሊት ያደረ ቅቤ ይመስል ይወፍራል፤ ስለዚህ ሞተሪኖው ሞተሩን ለማዞር የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። በዘይት ቆርቆሮ ላይ "15ደብልዩ-40" የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል። ከደብልዩ በፊት ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ዘይቱ በብርድ ጊዜ የበለጠ ይቀጥናል። ስለዚህ ደጋ ላይ ለሚሠራ መኪና የአምራቹ መመሪያ የሚፈቅደውን ዝቅተኛ ቁጥር መምረጥ ይጠቅማል፤ ከተፈቀደው መውጣት ግን አይገባም።

የናፍጣ ሞተር ሌላም ጣጣ አለበት። እንደ ቤንዚን ሞተር በብልጭታ አይነሳም፤ ነዳጁን የሚያቀጣጥለው አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረው ሙቀት ነው። ሲሊንደሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ያንን ሙቀት ይሰርቀዋል። ሞተሪኖው ቀስ እያለ ካዞረ ደግሞ የታመቀው አየር በቀለበቶቹ በኩል ለመሹለክ ጊዜ ያገኛል። በ2800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል 7 አሥረኛ ገደማ መሆኑን ስንጨምርበት የደጋ ናፍጣ መኪና ለምን እንደምታቃስት ይገባናል።

አሁን ወደዚያ ሰኞ እንመለስ። ባትሪው ሲመረመር የመኪናዋ የኋላ በር በደንብ እንዳልተዘጋ ታየ፤ የውስጡ ትንሽ አምፑል ከዓርብ ማታ ጀምሮ በርቶ ነበር። አምፑሉ 5 ዋት፣ ባትሪው 12 ቮልት ነው። 5 ለ12 ሲካፈል 0.4 አምፔር ያህል ይሆናል። ከዓርብ ማታ 12 ሰዓት እስከ ሰኞ ጧት 12 ሰዓት 60 ሰዓት ነው። ሲባዛ 25 አምፔር ሰዓት ገደማ ይመጣል። ባትሪያችን አዲስ ሳለ እንኳ የሚይዘው 60 ነበር። ከዚህ ላይ 25 ሲቀነስ፣ ከቀረው ደግሞ ብርዱ ድርሻውን ሲወስድ ምን ይተርፋል? ቆላ ብትሆን ኖሮ መኪናዋ በቀረው ኃይል ትነሳ ይሆናል። በሩን መጨረሻ የዘጋው ከእኛው አንዱ ነው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ይህን ጽሑፍ ካዘጋጁት መካከል ነው።

እንዲህ ዓይነት ነገር ጧት ሳይሆን ማታ መታየት አለበት። በሮቹና መብራቶቹ ይታዩ። በባትሪው ራሶች ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ መጀመሪያ የኔጌቲቩ ገመድ ይፈታል፤ ሲገጠም ደግሞ እሱ መጨረሻ ይሆናል። ዝገቱ በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ቫዝሊን ይቀባል። ውሃው የጎደለ ባትሪ ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመርበታል። አንዳንድ ሰው አሲድ ይጨምራል፤ ይህ ስሕተት ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። መኪናዋ በጣሪያ ሥር ብታድር ከጠራው ሰማይ ትሸሸጋለች፤ ጣሪያ ከሌለ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ማቆም የጧት ፀሐይ ቶሎ ሞተሩን እንድታገኘው ይረዳል። በራዲያተሩ ውስጥ ባዶ ውሃ ካለ ደግሞ ያሳስባል፤ ውሃ ሲረጋ ወደ 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ብረት ይሰነጥቃል።

ጧት ላይ ሬዲዮውም መብራቱም ይጥፋ። ናፍጣ ከሆነ ቁልፉን ግማሽ አዙሮ የማሞቂያዋ ብርቱካናማ መብራት እስክትጠፋ መታገሥ ነው። ፍሪሲዮን ረግጦ ማስነሳት ለሞተሪኖው የማርሽ ሳጥኑን ወፍራም ዘይት ሸክም ይቀንስለታል። ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፤ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉና ድገሙ። በዚያ ሰኞ ያጠፋነው ሌላው ጥፋት ይኸው ነው፤ የቀረችውን ጥቂት ኃይል ሳናሳርፍ ጨረስናት። ካርቡራቶር ያላት አሮጌ ቤንዚን መኪና ከሆነች ቾኩ ይሳባል፤ ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ መርገጥ ግን ካንዴላውን በቤንዚን ያርሰዋል። በአዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አይረገጥም፤ የነዳጁን ልክ ኮምፒዩተሩ ያውቀዋል።

"የኤሌክትሪክ መኪና ስትመጣ ይህ ሁሉ ይቀራል" የሚሉ ሰልጣኞች አሉ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ እውነትም እየበዛች ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ አላቸው፤ እሱ ከሞተ እነሱም አይነሱም።

ከሌላ መኪና በኬብል ስታስነሱ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ቀዩ በመጀመሪያ በሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ከዚያ በደህናው ፖዘቲቭ ላይ ይያዛል። ጥቁሩ በደህናው ኔጌቲቭ ይጀምርና ሌላው ጫፉ በሞተችው መኪና ሞተር ላይ፣ ከባትሪው ራቅ ባለ ያልተቀባ ብረት ላይ ይያዛል። ምክንያቱም ባትሪ ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ እዚያው አጠገቡ ብልጭታ ከተፈጠረ ሊፈነዳና አሲዱን ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ከሞተሩ ሥር ከሰል አቀጣጥሎ ማሞቅንማ ኧረ ተዉት! ዘይትና ነዳጅ የሚያንጠባጥብ ነገር ሥር እሳት አይቀመጥም። በዝግ ቤት ውስጥ ሞተር አስነስቶ ማሞቅም እንደዚሁ ነው፤ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳያውቀው ይገድላል።

ባትሪው ደህና መሆኑን በመገመት ፈንታ መለካት ይቻላል። ሌሊቱን ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ላይ ከወረደ ሩብ ያህል ብቻ ቀርቶታል። መለኪያ ለሌለው ደግሞ የፊት መብራት ይበቃዋል፤ ቁልፉ ሲዞር መብራቱ ክስም ካለ ጥርጣሬው ባትሪው ወይም የገመዱ መያዣ ላይ ነው፤ መብራቱ ደምቆ እያለ ሞተሪኖው ዝም ካለ ወደ ሞተሪኖው ይኬዳል።

የፊዚክስ ክፍሉ ቮልት መለኪያ በቁም ሳጥኑ ሁለተኛ መደርደሪያ ላይ አለ። መለካት የምትፈልጉ ሰኞ ጧት 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መኪናዋ ከመነሳቷ በፊት፣ ጋቢ ደርባችሁ ኑ።