ትወና በዚህ ዕድሜ?

እንደሚታወቀው ትወና ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መድረክና ዝና ነው። ስለዚህ ሥራና ትዳር ይዞ «ትወና ልማር» የሚል ሰው ይሳቅበታል። ይሁን እንጂ በትወና ትምህርት ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ሩሲያዊው ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ ራሱ ለዓመታት በቤተሰቡ ፋብሪካ እየሠራ በአማተርነት ይተውን ነበር። ከኔሚሮቪች ዳንቼንኮ ጋር የሞስኮ አርት ቲያትርን እ.ኤ.አ. በ1898 ሲመሠርት 35 ዓመቱ ነበር። በአገራችንም በደርግ ዘመን የቀበሌ ኪነት ቡድኖች ብዙ አማተሮችን ለመድረክ አብቅተዋል።

ከስታኒስላቭስኪ ትምህርቶች አንዱ አጭር ጥያቄ ነው፦ «እኔ በዚህ ሰው ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር?» አዳራሽም አልባሳትም አይፈልግም።

ባለፈው ክረምት ቶንጎ ቤተሰብ ጋ ሄጄ አጎቴን «ይህን እንሞክር» አልኳቸው። ባለሱቅ ናቸው፤ አርባን አልፈዋል። «እኔ ሽማግሌው?» ብለው ሳቁ። ኋላ ግን እሺ አሉ። ቦታ ተለዋወጥን፤ እሳቸው ተማሪው፣ እኔ ባለሱቁ ሆንኩ።

«ጋሼ፣ የላኩልኝ ብር አልበቃኝም» አሉኝ፣ ልክ እንደኔ አንገታቸውን ደፍተው።

መልሱ የኔ ነበር። ግን ብሩን ከየት አመጣለሁ? ሱቁ ስንት እንደሚያስገባ፣ ዕዳ ይኑርባቸው አይኑርባቸው አላውቅም። ዝም አልኩ። የማላውቀውን ሰው ሁሉ መቅረጸ ድምፅ ይዤ የምጠይቅ የጋዜጠኝነት ተማሪ፣ የሚያስተምሩኝን አጎቴን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም!

ስለዚህ ውድ የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች፣ ትወናን ለዝና ባይሆንም ሞክሩት፤ ያልጠየቅነውን ያሳየናል። እኔም በማግስቱ ሱቅ ገብቼ አጎቴን ጠየቅኳቸው።