ሲቆጥር የሚዘገየው ሰዓት

ጥያቄ፦ ከአባት የተወረሰው በእጅ የሚሞላ አሮጌ ክሮኖግራፍ በደህና ይሠራል፤ የላይኛው ቁልፍ ተጭኖ ሰከንድ ቆጣሪው ሲነሣ ግን ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቆማል። በክረምት መስታወቱ ከውስጥ ጉም ይለብሳል። ምን ቢደረግ ይሻላል? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ክሮኖግራፍ ጊዜን ከማሳየት አልፎ አንድ ድርጊት የፈጀውን ጊዜ በቁልፍ እየተነሣና እየቆመ የሚለካ ሰዓት ሲሆን፣ ቆጣሪው የራሱ ጉልበት ስለሌለው ኃይሉን የሚያገኘው ሰዓቱን ከሚያንቀሳቅሰው ከዚያው ሞላ፣ ማለትም ተጠምጥሞ ኃይል ከሚያከማቸው ቀጭን ብረት ነው። ዘይቱ ደርቆ ወይም ሞላው ደክሞ ከሆነ ጉልበቱ ለሁለቱም ሥራ አይበቃም፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የእንጅባራ ብርድም ዘይቱን ያወፍረዋል። ጉሙ በአረጀ ማሸጊያ በኩል እርጥበት መግባቱን ያመለክታል።

እስኪታደስ ድረስ ቆጣሪውን ባያስነሡት፣ ከውሃም ቢያርቁት ይመረጣል። ጀርባውን በቤት መክፈት ተገቢ አይደለም፤ በአሮጌ ሰዓቶች ላይ ያለው የሚያበራ ቀለም ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሊይዝ ይችላል። እርጥበት ብረቱን ስለሚያዝግ፣ ጉም እንደታየ ክሮኖግራፍ ፈትቶ የሚያውቅ ሰዓት ሠሪ፣ በአካባቢው ካልተገኘ በባሕር ዳር ወይም በአዲስ አበባ ተፈልጎ፣ ተፈትቶ እንዲታጠብ፣ ዘይትና ማሸጊያ እንዲለወጥለት ማድረግ ይገባል።

አሮጌ ሰዓት ሰብሳቢዎች የሰዓትን ነባር መልክና ታሪክ ስለሚያከብሩ፣ ገጹ እንደገና እንዳይቀባ፣ አካሉም እንዳይሞረድ አስቀድሞ ማሳሰብ፣ የተለወጡ ክፍሎችንም ተቀብሎ ማስቀመጥ ይበጃል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ፣ ፓቴክ ፊሊፕ የተባለው የስዊስ ኩባንያ የሠራው ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2017 በጄኔቫ ጨረታ ከ2.8 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ሲሸጥ፣ የባለቤትነት ታሪኩ ከዋጋው ጋር አብሮ ተመዝኗል።